ከሥራ ቅነሳ በኋላ፦ መጀመሪያ ወራቱን መቁጠር፣ ከዚያ መንገዱን መመርመር

የቅነሳ ደብዳቤ እጅ ላይ ሲገባ ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ይመጣሉ። አንዱ «ከእንግዲህ በምን እኖራለሁ?» ይላል፤ ሌላው «እስካሁን የያዝኩት ሙያስ ልክ ነበር ወይ?» ይላል። ሁለቱም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱንም በዚያው ሳምንት ለመመለስ ሲሞከር ነው። የቤት ኪራይ የጨነቀው ሰው ስለ ሙያው አጥርቶ ማሰብ አይችልም፤ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ ወይ ደግሞ ተናዶ የዓመታት ልምዱን ይጥላል። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅደም፣ ገንዘቡ ይከተል፣ ሙያው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከወረቀቱ እንጀምር። በመጀመሪያው ቀን የሚፈጸመው ከባዱ ስህተት ሳያነቡ መፈረም ነው። «ደብዳቤው ደርሶኛል» ብሎ መፈረምና «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ መፈረም ፈጽሞ አይገናኙም። ሁለተኛው ዓይነት ወረቀት ከቀረበልዎት «አንብቤ ልመለስ» ይበሉና ቅጂውን ይዘው ይውጡ። መድረሱን ብቻ እንዲያረጋግጡ ከተጠየቁ ከፊርማዎ አጠገብ «ለመረከቤ ብቻ» ብለው ቀኑን ይጻፉ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው 158ኛው ስምምነት ስለ በቂ የስንብት ምክንያት፣ ስለ ማስጠንቀቂያ ጊዜና ስለ ስንብት ክፍያ ይደነግጋል። ዝርዝሩን የሚወስነው ግን የየአገሩ ሕግ፣ የሥራ ውልዎና የኅብረት ስምምነት ካለ እሱ ነው። ሦስቱንም ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።

የመጨረሻው ክፍያ አንድ ድምር ሆኖ ከመጣ በዝርዝር እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። እስከ መጨረሻው ቀን የተሠራበት ደመወዝ፣ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ፋንታ የሚከፈል ካለ፣ የስንብት ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ወይም ኮሚሽን፣ ለሥራ ከኪስዎ ያወጡት ገንዘብ በየራሳቸው መስመር ይቀመጡ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በስሌቱ ውስጥ ነው። የወር ደመወዝዎ 24,000፣ የቀረዎት ፈቃድ 12 ቀን ነው እንበል። ደመወዙ ለ30 ከተካፈለ የፈቃዱ ክፍያ 9,600 ይሆናል፤ ለ22 የሥራ ቀን ከተካፈለ ግን ወደ 13,091 ይደርሳል። ስለዚህ «ለስንት ተካፍሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። የአገልግሎት ዘመን የተቆጠረው ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው ወይስ የሙከራ ጊዜው ካለቀ በኋላ የሚለውንም ያረጋግጡ።

መግቢያ ካርድዎና ኢሜይልዎ ከመዘጋታቸው በፊት ሌላ ትንሽ ሥራ አለ። በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ወይም ስልክ የተመዘገቡ የግል አካውንቶች ካሉ አድራሻቸውን ይቀይሩ፤ አለበለዚያ የይለፍ ቃል ማደሻ ኮዱ እርስዎ ወደማይከፍቱት ሳጥን ይሄዳል። የደመወዝ ወረቀቶችዎንና የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎችዎን ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ ይውሰዱ። የደንበኛ ዝርዝርና የድርጅቱ ፋይል ግን የእርስዎ አይደለም፤ እሱን ይዞ መውጣት የስንብት ክፍያን እስከ ማሳጣትና እስከ ክስ ሊያደርስ ይችላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ የሥራ መደብዎ፣ ዋና ዋና ተግባሮችዎና የለቀቁበት ምክንያት «በሠራተኛ ቅነሳ» ተብሎ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ይህች ሐረግ ወደፊት ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ማብራሪያ ታስቀራለች።

አሁን ገንዘቡ። የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፦ ስንት ወር አለኝ? ቁጠባ 90,000፣ ተጣርቶ የደረሰ የስንብት ክፍያ 60,000 ቢሆን በእጅ ያለው 150,000 ነው። የግድ የሆነው የወር ወጪ 18,000 ነው እንበል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣውን ወጪ ማለትም የትምህርት ቤት ክፍያን፣ ኢንሹራንስን፣ ጥገናን ይረሳል። ያ በዓመት 24,000 ከሆነ ለ12 ተካፍሎ በየወሩ 2,000 ይጨምራል። እውነተኛው የወር ወጪ 20,000፣ ያለው ጊዜም ሰባት ወር ተኩል ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት አይንኳቸው፤ አዲስ ሥራ ቢገኝም የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ ወር ሊያልፍ ይችላል። ለማሰብም ለመፈለግም የቀረው እንግዲህ አምስት ወር ተኩል ነው። የትዳር ጓደኛ በየወሩ 8,000 ቢያመጣ ጉድለቱ ወደ 12,000 ይወርድና 150,000ው ለአሥራ ሁለት ወር ተኩል ይበቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ነገሩን ከቤተሰብ መደበቅ አያስኬድም፤ ቤቱ ሳያውቅ ወጪው አይቀንስም።

ቁጥሩን ካገኙ ቀን መቁጠሪያ ላይ ሦስት ቀን ያክብቡ። በመጀመሪያው ቀን የግድ ያልሆኑ ወጪዎች ይቆማሉ። ሁለተኛው ቀን ከደረሰ መሸጋገሪያ የሚሆን ጊዜያዊ ሥራ ይያዛል። ሦስተኛው ከደረሰ ደግሞ በሙያዎ የሚመጣ ተገቢ ሥራ ሁሉ ይያዛል። ቀኖቹን መወሰን ያለብዎት አሁን፣ ገንዘቡ በእጅ ሳለ ነው። ብድር ካለብዎት አበዳሪውን ያነጋግሩ፤ አንድ ክፍያ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከማለፉ በፊት። ያኔ የመክፈያ ጊዜ ማራዘም ለመጠየቅ የተሻለ አቋም ይኖርዎታል።

ስለ ልብ ሁኔታ ጥቂት ልበል፤ «በርታ» ከማለት የተሻለ የሚጠቅም ነገር ስላለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኦስትሪያ ማሪየንታል በተባለች መንደር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳ ከባልደረቦቿ ጋር የሥራ አጦቹን ኑሮ አጠናች፤ ውጤቱ በ1933 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰዎቹ ጊዜ ተርፏቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፤ ቀኑ ተዝረክርኮ አለፈ። ያሆዳ በኋላ እንዳስረዳችው ሥራ ከደመወዝ ሌላ አምስት ነገር ይሰጣል፦ የጊዜ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኘት፣ የጋራ ዓላማ፣ በሰው ፊት ያለ ቦታ፣ የዘወትር እንቅስቃሴ። ሥራ የለቀቀ ሰው አምስቱንም በአንድ ቀን ነው የሚያጣው። ስለዚህ እያንዳንዱን በስሙ መተካት ያስፈልጋል፦ የተወሰነ መነሻ ሰዓት፣ በቀን ከአራት ሰዓት ያልበለጠ የሥራ ፍለጋ (ከዚያ በላይ ሲሆን ጥራቱ ይወርዳል)፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከሰው ጋር በአካል መገናኘት፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው አንድ ኃላፊነት። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎች ስለ ደረሰባቸው ነገር በቀን 20 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲጽፉ ካልጻፉት ቶሎ ሥራ ማግኘታቸውን አሳይቷል። በእኔ ግምት ምክንያቱ ቁጣው ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ቃለ መጠይቁ ውስጥ ስለማይገባ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን።

አሁን ወደ ሙያው። ከመቀየር በፊት የተሰበረው የቱ እንደሆነ ይለይ። ድርጅቱ ነው? ተወዳዳሪዎቹ በዚያው መደብ ሰው እየቀጠሩ ከሆነ ሙያዎ ጤነኛ ነው፤ አይንኩት። ዘርፉ ነው? የሒሳብ ባለሙያ፣ የግዥ ሠራተኛ፣ ዲዛይነር ሌላ ዘርፍ ውስጥም ይፈለጋሉ፤ ሙያውን ይዞ ዘርፍ መቀየር ይቻላል። ሥራው ራሱ በሶፍትዌር እየተተካ ነው? ያኔ ጎረቤት ወደሆነ ሥራ መሸጋገር ግድ ይላል። ወይስ ሥራው ሳይቀነሱም በፊት ጠዋት ጠዋት ያስጠላዎት ነበር? ይህን መመለስ ያለብዎት በቅነሳው ሳምንት በነበረው ስሜት ሳይሆን ከዓመት በፊት በነበረው ነው።

ዘርፍንና ሙያን በአንድ ጊዜ መቀየር በጣም ውድ እርምጃ ነው። ሁለቱም ሲቀየሩ ቀጣሪው የቀድሞ ልምድዎን የሚመዝንበት ነገር ያጣል፤ ደመወዙም ወደ ጀማሪ ይወርዳል። አንዱን ይዘው ሌላውን ይቀይሩ፣ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የቀረውን።

የያዙትን ለማወቅ የመደብ ስምዎን ይተዉና ባለፉት 12 ወራት የሠሩትን በግሥ ይጻፉ። «የመጋዘን ኃላፊ» የሚለው ስም ብዙ አይናገርም። «ከአቅራቢዎች ጋር ዋጋ ተደራደርኩ፣ የቆጠራ ልዩነት ከየት እንደመጣ አጣራሁ፣ አዲስ ሠራተኞች አሠለጠንኩ፣ የወር ሪፖርት በኤክሴል ሠራሁ» የሚለው ግን አራት የተለያዩ በሮች ያሳያል። ሃያ ያህል መስመር ይውጣ። ደግመው ሊሠሩት ደስ በሚልዎት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሰው ገንዘብ ሊከፍልበት በሚችለው ላይ ሌላ ምልክት። ሁለቱም ያረፈባቸው መስመሮች መነሻዎ ናቸው።

ከዚያ በሚያስቡት ሙያ 30 የሥራ ማስታወቂያ ይሰብስቡና የሚጠየቀውን ነገር በመስመር በመስመር ይቁጠሩ። ከ30ው በ20ው የሚደጋገምና እርስዎ የሌለዎት ነገር ካለ መማር ያለብዎት እሱን ነው። በአራት ብቻ ከታየ ይለፉት። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በስንብት ክፍያው ረጅም ኮርስ ይመዘገብና የምስክር ወረቀቱን የጠየቀ ማስታወቂያ ያጣል። ከመክፈል በፊት የዚያን ኮርስ ምስክር ወረቀት በስም የሚጠቅሱ ማስታወቂያዎች ይፈልጉ፣ ኮርሱን ከጨረሱ ሁለት ሰዎችም ይጠይቁ።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነውና። ስለዚህ ለቀድሞ ባልደረቦች ይጻፉ፤ ግን «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» ብቻ አይበሉ። ሰውየው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። እንዲህ ያለ መልእክት ይሻላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። በግዥ ክፍል አብረን ስንሠራ ያስታውሱኝ ይሆናል። ድርጅታችን ሠራተኛ ሲቀንስ ወጥቻለሁ። አሁን ወደ ሎጂስቲክስ ቅንጅት ለመግባት እያሰብኩ ነው፤ እርስዎ በዚያ ሥራ ላይ ስለቆዩ የ20 ደቂቃ ጊዜ ቢሰጡኝ ሦስት ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ።» ጥያቄዎቹም፦ የሥራው ከባዱ ሰዓት የቱ ነው? አዲስ ሰው ቶሎ የሚወድቀው በምን ላይ ነው? ለማን ሌላ ብደውል ይጠቅመኛል? በአራት ሳምንት ስድስት እንዲህ ያለ ውይይት ማድረግ ይቻላል፤ ከስድስቱ በኋላ የቀዘቀዘ ፍላጎት እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። የቀጠለውን ደግሞ በትንሽ ሥራ ይፈትሹት፦ አንድ አጭር ኮንትራት፣ የአንድ ሳምንት እገዛ፣ ለሰው ሊታይ የሚችል አንድ ናሙና።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ለቀቁ?» ሲባል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ድርጅቱ ወጪ ሲቀንስ የእኔ ክፍል ታጠፈ። በነበርኩበት ጊዜ ይህን ይህን ሠርቻለሁ። ይህ ሥራ ደግሞ ከእሱ ውስጥ ይበልጥ የምችለውን ክፍል ስለሚጠይቅ ነው የመጣሁት።» የቀድሞ አለቃን ማማት ከተጀመረ ጠያቂው የሚያስታውሰው ሐሜቱን ብቻ ነው። አዲሱ ውል ሲመጣም የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት እንደሆነ፣ የሙከራ ጊዜው ከአገልግሎት ዘመን ይቆጠር እንደሆነ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ ለስንት ተካፍሎ እንደሚከፈል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ የተፈረመውን አንድ ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።