ጂም መሄድ በኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ይጻፋል?

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ማታ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ የኮሌጅ ማመልከቻውን ሲሞላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዳር አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከክፍል ውጭ የሚሠራቸውን ነገሮች የሚዘረዝርበት ገጽ ላይ ሲደርስ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የአካል ብቃት ክበብ መሥራችና ፕሬዚዳንት፣ በሳምንት 15 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት። እንዲህ ያለ ክበብ መኖሩን ሰምቼ ስለማላውቅ የት እንደሚሰበሰብ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ቤዝመንት ነዋ» አለኝ፤ ከቤታችን ሥር ያለውን ምድር ቤት ማለቱ ነው። አባላቱ እሱና ሁለት የሠፈር ጓደኞቹ ሲሆኑ፣ የክበቡ ንብረት ደግሞ ቤት ይለቅ ከነበረ ጎረቤት በ60 ዶላር የገዛሁት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የብረት ዘንግና ዳር ዳራቸው የዛገ የክብደት ዲስኮች ናቸው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚህ ወቅት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡና ይዘው የሚቆሙ ወላጆች ወሬያቸው ሁሉ ማመልከቻ ነው፤ ልጁ የትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ሳይገባ ለብቻው የሚሮጥ ወይም ብረት የሚያነሣ ወላጅ ደግሞ ይህ ነገር ይቆጠር እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ለእኛ ግራ የሚያጋባበት ምክንያት አለው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በማትሪክ ውጤት ነው፤ ከነጥቤ በቀር ስለ እኔ ማንም ምንም የጠየቀኝ አልነበረም። በዚያው ዘመን በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ኋላ እየተሰለፍኩ ዳር እስከ ዳር ስሮጥ፣ ይህንን አንድ ቀን ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይሁን እንጂ በቋንቋችን ስፖርት «እንሠራለን» እንጂ ስፖርት «እንጫወታለን» ብዙም አንልም፤ ለብቻ መሮጥና ክብደት ማንሣት ሥራ መሆኑን ቃላችን ቀድሞ ያወቀው ይመስላል።

አብዛኞቹ ልጆቻችን የሚያመለክቱበት፣ ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ቅጽ በ1975 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይቀበሉታል። ለእንቅስቃሴዎች 10 መስመር ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ መስመር የኃላፊነት ስም በ50 ፊደል፣ መግለጫው በ150 ፊደል ይወሰናል፤ ከዚያ የክፍል ደረጃው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደሆነ ይጠየቃል። በትርፍ ጊዜ የሚዘወተሩ ነገሮችም ሆኑ የቤተሰብ ኃላፊነቶች ሊመዘገቡ እንደሚችሉ ራሱ ይናገራል። የራሳቸው ቅጽ ያላቸውም አሉ፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እስከ 20 የሚደርስ ቦታ ሲሰጥ፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ግን የሚጠይቀው አራት ብቻ ነው። ኤምአይቲ አራት ብቻ ሲጠይቅ ቤዝመንቱ ቦታ አያገኝም፤ 20 ሲፈቀድ መተዉ ሞኝነት ነው። በዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ተፈልጎ የሚገባ ስፖርተኛ ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

ስለዚህ መጻፉን አልተቃወምኩም፤ የተቃወምኩት አጻጻፉን ነው። ወረቀትና እስክርቢቶ አምጥቼ አብረን ሰዓቱን ቆጠርን። በሳምንት አራት ቀን ይሠራል፤ አንዱ ልምምድ ከማሟሟቂያው ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ድምሩ አምስት ሰዓት ነው። 15 ያደረሰው ገላውን የሚታጠብበትን፣ በስልክ ቪዲዮ የሚያይበትንና በልምምድ መካከል የሚያወራበትን ጨምሮ ነበር። ፈተና የበዛባቸውን፣ የታመመባቸውንና እኛ ዘንድ እንግዳ መጥቶ ቤዝመንቱ መኝታ የሆነባቸውን ሳምንታት ስንቀንስ ደግሞ 52ቱ ወደ 40 ወረደ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው አሥሩንም መስመሮች ደምሮ ማየት ይችላል፤ ትምህርት ቤት ውሎ፣ የቤት ሥራ ሠርቶ፣ በሳምንት 50 ሰዓት በክበብ የሚያሳልፍ ልጅ መቼ እንደሚተኛ መጠየቁም አይቀርም።

«ፕሬዚዳንት» የሚለውን ማስፋቅ ከሰዓቱ ይልቅ ከበደኝ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው አለኝ። እኔም በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) ቦስተን ላይ የተከፈተውን ክስ ነገርኩት። ሪክ ሲንገር የተባለው የኮሌጅ አማካሪ ጀልባ ቀዝፈው የማያውቁ ልጆችን ቀዛፊ፣ ዋተር ፖሎ ተጫውተው የማያውቁትን ተጫዋች አድርጎ የሐሰት የስፖርት ታሪክ እያዘጋጀ፣ ለአሠልጣኞች ጉቦ እየከፈለ ያስገባ ነበር፤ በጥር 2023 ሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። የእኛ ቤዝመንት ከዚያ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ፤ ልጄም «እኔ ለማን ጉቦ ሰጠሁ?» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። ነገር ግን በቅጹ መጨረሻ የሚፈርመው የሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ነውና፣ ስሙን ባልነበረ ፕሬዚዳንትነት ሥር እንዲያኖር አልፈለግሁም።

ማዕረጉ ሲነሣ መስመሩ ባዶ ሆነ። «ክብደት አነሣለሁ» ከሚለው ሌላ ምን ይባላል? ለጥቂት ጊዜ ዝም ካልን በኋላ ወደ ታች ወርዶ ከአግዳሚው ሥር አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ሽፋኑ በላብ የወየበ፣ ማዕዘኑ የተጠቀለለ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እያንዳንዱን ቀን፣ ያነሣውን ክብደትና ስንት ጊዜ እንዳነሣው መዝግቦበታል። አንዱን ገጽ ሳገላብጥ ጥጉ ላይ በእንግሊዝኛ «ጾም፣ 12ኛ ቀን» የሚል አየሁ። ዐቢይ ጾምን ሙሉ 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ሲጾም ልምምዱን አላቋረጠም፤ የሚያነሣውን ክብደት ቀንሶ፣ ሰዓቱን ለውጦ፣ በቀን ስንት ጭልፋ ምስርና ሽሮ እንደበላ በእርሳስ ጽፏል። እናቱ ድስቱ ቶሎ የሚያልቅበትን ምክንያት ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ የጓደኛው ስም አለ፤ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ሲሠራ ጉልበቱን ያመው ስለነበር በስልክ እየቀረጸ አቋቋሙን ለሁለት ወር አስተካክሎለታል።

ከዚህ በኋላ መስመሩ ራሱን ጻፈ ማለት ይቻላል፦ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የልምምድ መዝገብ እንደያዘ፣ በ55ቱ የጾም ቀናት መርሐ ግብሩን ለውጦ እንደቀጠለ፣ ሁለት ጓደኞቹን እንዳለማመደ። በአማርኛ ቢሆን አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ 150 ሰፊ እርሻ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ «እና» ለማትረፍ ሩብ ሰዓት ተከራከርን።

ዝርዝሩን ሲጨርስ ዘጠኝ ነገር ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ከአጎቱ ሱቅ ዕቃ ሲያራግፍና ሒሳብ ሲቀበል እንደሚውል ለምን እንዳልጻፈ ጠየቅሁት፤ እሱ ሥራ እንጂ እንቅስቃሴ አይደለም ብሎ ነው የተወው። ትንሿን እህቱን ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት አምጥቶ እኛ እስክንመጣ የሚጠብቃትም እሱ ነው፤ ያም አልተጻፈም። ሁለቱም ቅጹ ላይ የራሳቸው ምድብ ስላላቸው አስገባናቸው፤ ቦታው አሥር ብቻ በመሆኑም አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘበት የክርክር ክበብ ወጣ። ቅደም ተከተሉ እንደ አስፈላጊነቱ ስለሆነ ሱቁ አንደኛ፣ እህቱ ሁለተኛ፣ የሮቦቲክስ ክበብ ሦስተኛ ሲሆኑ ቤዝመንቱ ስምንተኛ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቅር ብሎት ነበር።

በእያንዳንዱ መስመር ሥር ይህንኑ ነገር ኮሌጅ ገብተህም ልትቀጥልበት ታስባለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሮቦቲክሱ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ቀና ብሎ «እዚህ ምን ልበል?» አለኝ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ግን ሳይጠይቀኝ «አዎ» የሚለውን ነክቶ ወደ ቀጣዩ አለፈ።