ሙቀት የሚያሳልፍ ኤፖክሲ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የኤልኢዲ መብራት ፓወር ሰፕላይ የምንጠግን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ቦርዱን ከእርጥበትና ከአቧራ ለመጠበቅ ኤፖክሲ (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ይፈስበታል። ኤፖክሲው ግን ሙቀቱንም አብሮ ያፍነዋል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ይላል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከሂትሲንክ (ሙቀት ከሚያስወጣው ብረት) ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። ፒያሳ ባለችው የሥራ ክፍሌ ኤፖክሲ ውስጥ ሙቀት የሚያሳልፍ ዱቄት መቀላቀል የጀመርኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ንጹሕ ኤፖክሲ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው። አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) 30 አካባቢ፣ መዳብ 400 አካባቢ ነው። በአንድ ነጠላ ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ላይ የተለካው 3000 ደርሷል። ይህን ያየ ሰው «እሱን ትንሽ ጣል ማድረግ ነዋ!» ይላል። በግርድፍ ሂሳብ የ3000 1 በመቶ 30 ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ግን 1 በመቶ ናኖቲዩብ የገባበት ኤፖክሲ በክፍል ሙቀት የተሻሻለው በ125 በመቶ ነበር። ከእጥፍ ትንሽ አለፍ ማለት ነው።

ልዩነቱን የበላው ድንበሩ ነው። እዚህ ውስጥ ሙቀት በዋናነት የሚጓዘው በአቶሞች ንዝረት ነው። የጠንካራው ቅንጣት ንዝረት ከለስላሳው ፕላስቲክ ንዝረት ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ መገናኛው ላይ ከፊሉ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ የካፒትዛ ሬዚስታንስ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1941 ክስተቱን በፈሳሽ ሂሊየም ካሳየው ከፒዮትር ካፒትዛ ነው። ታክሲ እየቀያየሩ እንደመሄድ አስቡት። መኪናው የቱንም ያህል ቢፈጥን ጊዜውን የሚበላው ሰልፉ ነው። ዱቄቱ በደቀቀ ቁጥር ሰልፉ ይበዛል። ናኖ (እጅግ የደቀቀ) ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብሎ የሚሸጥልኝን ሰው የማልሰማው ለዚህ ነው።

እኛ ኤሌክትሪክ የለመድን ሰዎች አንድ ነገር ላይ ልንሸወድ እንችላለን። የካርቦን ቅንጣቶች ተነካክተው መስመር ሲሠሩ ኤሌክትሪክ ድንገት ማለፍ ይጀምራል። ሙቀት ላይ እንዲህ ያለ ዝላይ አይታይም። የፕላስቲክና የካርቦን የኤሌክትሪክ ልዩነት ከአሥር በላይ ዜሮ ያለው እጥፍ ነው፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን በሺዎች፣ ቢበዛም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እጥፍ ነው። ስለዚህ ጭማሪው ቀስ እያለ ይመጣል፣ ብዙ ዱቄትም ይፈልጋል።

በተግባር የሠራልኝ ገርደፍ ያለውንና ናኖውን አሉሚና ማደባለቅ ነው። ትልልቁ ረጅሙን መንገድ ይሸፍናል፣ ደቃቁ ክፍተቱን ይሞላል። በተመሳሳይ ክብደት ናኖውን ብቻ ስጨምር ውህዱ ይጠነክርና አልፈስ ይላል። የማወዳድረው እኩል ውፍረት ያላቸው ክቦች አፍስሼ ነው። ከሥር በሬዚስተር አሞቃለሁ፣ ከላይና ከታች ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) አደርጋለሁ። በተመሳሳይ ዋት የሁለቱ ፊት የሙቀት ልዩነት ያነሰበት የተሻለ አሳላፊ ነው። ቴርሞካፕሉን በፈላ ውኃ የምትፈትሹ ከሆነ እዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 100 ላይ አይደለም።

አረፋ ትልቅ ጠላት ነው፤ አየር 0.026 ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አረፋውን ለማውጣት ቫኪዩም ስታደርጉ መለኪያው -1 ባር አካባቢ ካልደረሰ ብላችሁ ፓምፑን አትጠርጥሩ። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ራሱ ግፊቱ 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ ከ-0.77 አያልፍም።

ግራፋይት ርካሽ ቢሆንም ሾርት ስለሚያደርግ ለቦርድ አልመክረውም። ቦሮን ናይትራይድ የተባለው ዱቄት ግን ኤሌክትሪክ ሳያሳልፍ በገጹ አቅጣጫ በመቶዎች የሚቆጠር ሙቀት ያሳልፋል። ችግሩ ቅንጣቱ ዝርግ መሆኑ ነው። በስሱ ሲፈስ ይተኛል፣ ሙቀቱም ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ይሮጣል። ሙቀቱን ወደ ጎን ወዳለ ብረት ለመውሰድ ለሚፈልግ ግን ይህ ራሱ ጥቅም ነው።

ደረቅ ናኖ ዱቄት የምትነኩ ሰዎች፣ እባካችሁ ጥሩ ማስክ አድርጉ። እኔ ዱቄቱን ቀስ አድርጌ ፈሳሹ ኤፖክሲ ውስጥ አርሰዋለሁ እንጂ አላቦነውም።

ቀጥሎ የማስበው አሉሚናውን በሲሌን (ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በሚያያይዝ ኬሚካል) ማከም ነው። የሲሌን አንዱ ጫፍ ከአሉሚናው፣ ሌላው ከኤፖክሲው ጋር ይያያዛል። ድንበሩ ላይ የሚባክነውን ይቀንሳል፣ ውህዱም ይበልጥ ይፈሳል። ለኤፖክሲ የሚሆነውን ዓይነት በትንሽ መጠን የሚሸጥ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውጤቱን ከነልኬቱ አጋራችኋለሁ።