ከበሬሳ እስከ ሮቢ፦ ድንጋይ እየገለበጡ

በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ወንዝ መግባት አይመችም። ሣሩን ውርጭ መትቶት ያድራል፤ ብርዱ የቦቲውን ላስቲክ አልፎ አጥንት ይነካል። የወንዝን ጤና በውስጡ በሚኖሩት የውኃ ነፍሳት የሚመዝን ሰው ግን ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምት ደራሽ ውኃ ድንጋዩን ሳይቀር ያንከባልላል፣ እጮቹም አብረው ይጠረጋሉ። ከጎርፍ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይታገሥ መረቡን የነከረ ሰው ባዶ ትሪ ይዞ «ወንዙ ተበክሏል» ብሎ ይጽፋል።

ሥራውን የጀመርነው በበሬሳ ወንዝ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ በላይ ነው። ከንጹሑ ተጀምሮ ወደ ቆሻሻው ይኬዳል፤ በአንዱ ቦታ ውስጥ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ውኃውን እየተቃወሙ ነው የሚሠራው። አለዚያ በእግር የተረበሸው ጭቃ ገና ያልተነካውን ቦታ ይሸፍነዋል። የመረቡ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። አፉን ወደ ምንጩ አዙሮ ወለሉ ላይ አስደግፎ ከፊቱ ያለውን 25 በ25 ሴንቲ ሜትር በእግር መቀስቀስ፣ ትልልቁን ድንጋይ እያነሱ በእጅ ማሸት ነው። ይህ 20 ጊዜ ሲደገም 1.25 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሃያው እንዲሁ አይበተንም፤ የወንዙ ወለል 60 በመቶ ድንጋይ ከሆነ 12ቱ ከድንጋይ፣ ቀሪው ከአሸዋውና ከሣሩ ሥር እንደየድርሻው ይወሰዳል። ለሥራ ስለሚቀል ብቻ ድንጋይ ድንጋዩን የመረጠ ወንዙን ከሆነው በላይ አሳምሮ ያሳያል።

ከብት ሊያጠጡ የመጡ አዛውንት ትሪው ላይ ጎንበስ ብለው አዩና «አልቅት ነው የምትፈልጉት?» አሉ። «እሱንም እንቆጥረዋለን አባባ» አልናቸው። የትኛው ኩሬ በሬ አፍንጫ ውስጥ አልቅት እንደሚያስገባ ከማንም መሣሪያ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ውኃን ሳይሆን በውኃው ውስጥ የሚኖረውንና የሚሞተውን ማየት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው። ዛሬም ከልብስ ማጠቢያ በታች ናሙና ስንወስድ ሰዎቹ በምን እንደሚያጥቡ እንጠይቃለን፤ ሳሙናም ይሁን እንዶድ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል።

ከከተማው በታች ትሪው መልኩን ይለውጣል። ደም የመሰሉ ቀጫጭን ቀይ እጮች ጭቃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ትል የሚመስሉት እነዚህ ካይሮኖሚድ የሚባሉ የማይናደፉ ትንኞች ልጆች ናቸው። ቅላታቸው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው።

ኦክስጅን ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ከፍታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ይጠጋል። 10 ዲግሪ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞልቶም ቢሆን 8 አካባቢ ነው። የኦክስጅን መለኪያውን አዲስ አበባ አስተካክለው ያመጡት በመቶኛ (ውኃው ሊይዝ ከሚችለው ስንት እጁን እንደያዘ) የሚሰጣቸው ቁጥር ዝቅ ብሎ ያገኙታል፤ ያኔ ወንዙ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። በየጣቢያው የአየር ግፊቱን እንደገና ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሚሊ ግራሙ ብቻውን አይበቃም፤ መቶኛው፣ የውኃው ሙቀትና ሰዓቱም አብረው ይመዝገቡ።

ጣርማበር ላይ መኪናውን አቁመን መረቡንና ቦቲውን በብሩሽ አጠብን፣ ፀሐይ ላይም አደረቅን። ከሸንተረሩ በስተምዕራብ የወረደ ዝናብ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ነው። በእርጥብ መረብ የቀንድ አውጣ እንቁላል ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ማሻገር ቀላል ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ ካለፉ በኋላ አየሩ በአንዴ ይሞቃል።

ከደብረ ሲና በላይ ጅረቶቹ ጠባብ፣ ፈጣን፣ ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። እዚህ ድንጋይ ሲገለበጥ ሜይፍላይ የሚባል ጠፍጣፋ ሰውነት ያለው እጭ እንደ ምንቸት ክዳን ተለጥፎ ይገኛል፤ በጣት ሲነካ ወደ ጎን እንደ ሸርጣን ይሸሻል። ጀማሪ ተማሪ ሁለት ጅራት ቆጥሮ «ስቶንፍላይ!» ይላል፤ ሁለት ጅራት ያለው ሌላ የውኃ ነፍሳት ነው ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ መካከለኛው ጅራት ተሰብሮ ነው። የሚታመነው ጥፍሩ ነው፤ ሜይፍላይ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ አንድ ጥፍር፣ ስቶንፍላይ ሁለት አለው። የሚተነፍስበትን ስንጥቡንም ማየት ነው፦ የሜይፍላይ በሆዱ ግራና ቀኝ እንደ ቅጠል ተደርድሮ ይርገበገባል። ከአሸዋ ቅንጣት ቤት ሠርቶ ተሸክሞት የሚዞረው ደግሞ ካዲስፍላይ ነው፤ ቸኩሎ የሚለቅም ሰው ስንጥር መስሎት ይደፋዋል።

ናሙናው ከጠርሙሱ ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ላዩ ላይ ጠንካራ ኤታኖል (አልኮል) እስከ አፉ ይሞላል። አየር ከተተወ በቁልቁለቱ መንገድ ሲናጥ እግርና ስንጥብ ይረግፋል፣ ያለ እነሱ ደግሞ ዝርያው አይለይም። ሸርጣን ለብቻው ይቀመጣል፤ ከሌሎቹ ጋር ከተጨመረ ሳይሞት በፊት ይፈጫቸዋል። ኤታኖል ሲያልቅ አረቄ የሚሞክሩ አሉ። ግማሽ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ነፍሳቱ ይልሞሰሞሳሉ፤ ለጠጪው ይቅር። መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውጭ የተለጠፈውም ይላጣል።

ሮቢ ወንዝ ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች ስለሆነች ቦቲው እንደ ምድጃ ይጋላል። ወለሉ ተንሸራታች ጠጠርና አሸዋ ነው፤ መረቡ በሁለት ቅስቀሳ ይሞላል። እዚህ ናሙናውን ባልዲ ውስጥ በውኃ አዙሮ የሚንሳፈፈውን ብቻ መረቡ ላይ ማፍሰስ፣ ይህንንም አምስት ስድስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። የቀረው አሸዋ ከመደፋቱ በፊት ትሪ ላይ ይታያል፤ በአሸዋ ቤታቸው ከብደው ታች የሚቀሩ አይጠፉም። የዚህን ወንዝ ቆጠራ ከበሬሳ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት አይቻልም። ከፍታው፣ ሙቀቱና ወለሉ ሌላ ነው፤ ሮቢ የሚመዘነው በዚሁ ከፍታ ካለ፣ እምብዛም ካልተነካ ወንዝ ጋር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ማደሪያችን በረንዳ ላይ የሁሉንም ጠርሙስ አልኮል በወንፊት አጥልለን ቀየርነው። ከነፍሳቱ የወጣው ውኃ ሌሊቱን ያቀጥነዋል፤ ካልተለወጠ በሳምንት ውስጥ ይሸታል። ከከተማው በታች የተወሰደው የበሬሳ ጠርሙስ እንደ ሻይ ጠቁሮ ስለነበር እሱን ከሰዓት በኋላ ደግመን ቀየርነው።