የቆቅ ጥሻ ከመሬቱ ይታወቃል

ቆቅ ፍለጋ ስጀምር ዓይኔ ዛፍ ዛፉን ነበር የሚያየው። ደን ከጠቆረ ቆቅ አይጠፋም ብዬ አሰብሁ። ደጀን አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ፣ ሁለት ጠዋት ባሕር ዛፍ ውስጥ ተንከራተትሁ። አንዲትም አላየሁም።

ለአጎቴ ስነግረው «ልጄ፣ እዚያ ምን ልትጭር? ቅጠሉን ሴቶቹ ለምጣድ ጠርገው ወስደውታል» አለኝ። ሄጄ ሳየው እውነቱን ነው። ከዛፉ ሥር የተጠረገ ግቢ ይመስላል።

በሦስተኛው ቀን ከ12 ሰዓት በፊት ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ተዳፋት አፋፍ ላይ አደረሰኝ። አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ፣ እዚህም እዚያም ወይራ። ከላይ የጤፍ ማሳ አለ። ገና ሳይነጋ አንዱ ከግራ ጮኸ፣ ሌላው ከቀኝ መለሰ።

«ተንበርከክና በእሷ ቁመት እይ» አለኝ። ቆሜ ሳየው ግድግዳ የነበረው ጥሻ፣ ተንበርክኬ ሳየው ቤት ሆነ! ላዩ ተከድኗል፣ ሥሩ መተላለፊያ አለው። ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ቆቅ ስትደነግጥ መጀመሪያ በእግሯ ነው የምትሮጠው። ክዳኑ ከሌለ ጭልፊት ያያታል። ሣሩ እስከ መሬት ጥቅጥቅ ካለ ደግሞ ጫጩቶቿ መሄጃ ያጣሉ። የረገፈው ቅጠልም ትል፣ ምስጥና ፍሬ የምታገኝበት ጓዳዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምልክት ፈልጌ እንጂ ወፏን ፈልጌ አልሄድም። ቅጠሉ ተጭሮ እርጥብ አፈር ብቅ ብሏል? ከቁጥቋጦ ሥር በአፈር የምትታጠብበት ትንሽ ጉድጓድ፣ ላባና ኩስ አለ? እነዚህ ካሉ ራቅ ብዬ ቁጭ ነው። እዚያ ያገኘኋት ግንባሯ ጥቁር፣ አናቷ ቡናማ፣ እግሯ ቢጫ ናት። ይህች የቆቅ ዓይነት በተፈጥሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ሌላ አገር የላትም።

የቤተ ክርስቲያን ደንም ቢሆን ከብት የሚገባበት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ ዳር ዳሩን ነው የማየው። ጅግራ የፈለገ ግን ወደ ቆላው ይውረድ። እሷ ማታ ዛፍ ላይ ስለምታድር ጥሻ ብቻ አይበቃትም።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጥሻው ውስጥ አትግቡ። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ነው፣ በቀላሉ ይረገጣል።

አጎቴ የማሳውን ድንበር አጋም ሊመነጥር አስቦ ነበር። ለመንሁት። ግማሹን ተወው። ባለፈው ስሄድ ከሥሩ ቅጠሉ ተጭሮ አገኘሁት።