ቢራውን በየትኛው እጁ ያዘው?

ክሪስ ክሪስቶፈርሰን በ88 ዓመቱ ማረፉን የሰማነው በመስከረም 2017 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ነበር። በወቅቱ በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ስለነበርኩ፣ ጂም ሪቭስንና ኬኒ ሮጀርስን እየሰሙ ላደጉት አድማጮቻችን የማታውን ሰዓት በሙሉ ስለዚህ የካንትሪ ዘፈን ደራሲ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ።

ሕይወቱ ለጸሐፊ የተመቸ ነው። ቴክሳስ ተወልዶ፣ ኦክስፎርድ ሥነ ጽሑፍ አጥንቶ፣ በአሜሪካ ጦር የሄሊኮፕተር አብራሪ ሆኖ እስከ ሻምበልነት ከደረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ እንግሊዝኛ እንዲያስተምር የተሰጠውን ምደባ ትቶ ዘፈን ሊጽፍ የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል ገባ። እዚያም ኮሎምቢያ የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ወለል እየጠረገና የሲጋራ መተርኮሻ እየደፋ ቆየ፤ በ1966 ቦብ ዲላን መጥቶ ሲቀረጽ እንኳ ጠጋ ብሎ ሊያናግረው አልደፈረም። ገቢው ቤተሰብ ስለማያስተዳድር ሉዊዚያና እየሄደ፣ በባሕር ላይ ወዳሉት የነዳጅ ማውጫዎች ሠራተኞችን በሄሊኮፕተር ያመላልስ ነበር።

እኔ ግን ይህን ሁሉ በሩጫ አልፌ የሙጥኝ ያልኩት ሰው ሁሉ የሚያወራውን ታሪክ ነበር። ክሪስቶፈርሰን በታዋቂው የካንትሪ ዘፋኝ በጆኒ ካሽ ግቢ ውስጥ ሄሊኮፕተር አሳርፎ፣ በአንድ እጁ ቢራ በሌላው የዘፈን ቴፕ ይዞ ወረደ፤ ካሽም ስለ እሑድ ጠዋት ብቸኝነት የሚናገረውን ዘፈን እዚያው ተቀበለው ይባላል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩበት። ይባስ ብዬ ቢራውን ገና አየር ላይ እያለ እየተጎነጨ እንዲመጣ አደረግኩት፤ አረፋው ሳይቀር አለ።

የድምፅ ባለሙያችን ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የሄሊኮፕተር መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። ስርጭት ልንጀምር 40 ደቂቃ ሲቀረን ጽሑፉን አነበቡና፣ «የኔ ልጅ፣ ቢራውን በየትኛው እጁ ያዘው?» አሉኝ።

«በግራው ይሆናላ፣ ጋሼ» አልኩ እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ጎን አወረዱ፤ ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ ያለው እዚያ ነው። ቀኝ እጃቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል ባለው መሪ ላይ አስቀመጡ፤ ሁለት እግሮቻቸውን ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ዘረጉ። እንደዚያ እንደተቀመጡ፣ «እንግዲህ ለቢራው ሦስተኛ እጅ ፈልግለት» አሉኝ።

አፍሬ፣ ትንሽም ተናድጄ፣ ከመጀመሪያው ማየት የነበረብኝን የባለታሪኩን የራሱን ቃለ ምልልስ ፈለግኩ። ሄሊኮፕተሩን እዚያ ማሳረፉን አይክድም፤ ነገር ግን ቢራ ይዞ እንዳልበረረ፣ ካሽ በዚያ ዕለት ቤት እንዳልነበረና ይዞት የሄደውም ዘፈን ማንም ያልቀረጸው ሌላ ዘፈን እንደነበረ ተናግሯል። ስለዚህ ሁለት ገጼ በአንድ ጊዜ ገደል ገባ።

በቦታው የገባው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ካሽ ያንኑ የእሑድ ዘፈን በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ሲያቀርብ፣ የጣቢያው ሰዎች ስካርን የሚጠቅሰው አንድ ቃል እንዲለወጥ ቢጠይቁትም ደራሲው እንደጻፈው መዝፈኑን፣ ዘፈኑም እ.ኤ.አ. በ1970 ከካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ዘፈን ሽልማት ማግኘቱን ጻፍኩ። ለአንድ የዘፈን ደራሲ፣ ቃሉ እንደወጣ ሳይነካ ከመዘፈኑ የሚበልጥ ክብር ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን በአረፋ ስጫወት ልዘለው ነበር።

ዝግጅቱ እንዳለቀ ስልክ ከፈትን። የመጀመሪያው ደዋይ፣ «ዋናውን፣ የቢራውን ነገር ለምን ዘለላችሁት?» ብሎ ተቆጣ። ከመስታወቱ ወዲያ ጋሼ ሁለት እጆቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው አሳዩኝ።