ጋሼ ትራካቸውን ለራሳቸው ሊነዱ ሲነሱ

ዳላስ አካባቢ ትራክ የሚነዳ አበሻ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ። ለዓመታት አብረውኝ መንገድ ላይ የነበሩ አንድ ጋሼ በቅርቡ ሥራ አቆሙ። "ወገቤ እንቢ አለኝ፣ በቃኝ" አሉ። ትራኩን ግን አልሸጡም። ዕዳው አልቋል፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ በዚያ ላይ ስንቱን ሌሊት ያደሩበት ቤታቸው ነው። ሐሳባቸው ካምፐር፣ ማለትም የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ከኋላ እየጎተቱ ከእትዬ ጋር አገር ማየት ነበር።

"የራሴ መኪና፣ የራሴ ዕቃ። ማን ምን ይለኛል?" አሉኝ።

ችግሩ ሲዲኤላቸውን፣ ማለትም የንግድ መንጃ ፈቃዳቸውን፣ መልሰው ተራውን መንጃ ፈቃድ ክላስ ሲ መውሰዳቸው ነው። የሕክምና ካርድ በየጊዜው ማሳደስ ሰልችቷቸው።

በግማሹ ልክ ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ ሲዲኤል የሚጠይቀው መኪናው ለንግድ ሥራ ሲውል ነው። የግል ዕቃውን አልፎ አልፎ፣ ያለ ክፍያና ለቢዝነስ ሳይሆን የሚያጓጉዝ ሰው የዲኦቲ ቁጥር (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መለያ ቁጥር) እና የሎግ ሰዓት (የሾፌር የሥራ ሰዓት መዝገብ) አይመለከተውም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ስቴቱ ነው፣ ስቴቱ ደግሞ ክብደት ያያል። ቴክሳስ ውስጥ ክላስ ሲ የሚያስነዳው ከ26,001 ፓውንድ በታች የሆነውን ነው።

ጋሼ አላመኑኝም። የሾፌሩን በር ከፈትንና በሩ ሲዘጋ የሚሸፈነው ቦታ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በስልክ መብራት አነበብናት። ፀሐይና አቧራ ቢያደበዝዛትም 52,000 ፓውንድ ትላለች። "ቦብቴይል፣ ያለ ተሳቢ፣ ስነዳው እኮ 20,000 አይሞላም!" ብለው ተከራከሩኝ። እውነት ነው፣ አይሞላም። ግን ባዶውን ስለነዳችሁት የመኪናው ክላስ አይቀንስም፤ ፋብሪካው ይችላል ብሎ የጻፈው ቁጥር ይቆጠራል። ስለዚህ ትራኩ ብቻውን ክላስ ቢ ይፈልጋል። የሚጎተተው ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚችል ከሆነ ደግሞ ክላስ ኤ። የጋሼ ካምፐር 14,000 ነው።

ደግነቱ ቴክሳስ ክላስ ኤ ኖን ኮሜርሻል (ለንግድ ያልሆነ) የሚባል መንጃ ፈቃድ አለው። ሜሪላንድና ፔንሲልቬኒያም አላቸው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የጓደኛችሁን ስቴት ሕግ ለራሳችሁ አትውሰዱ። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ስንሄድ መጀመሪያ መስኮት ላይ ያገኘናት ሠራተኛ "ሲዲኤል ከሌለዎት አይቻልም" ብላ መለሰችን። በሌላ ቀን ሄደን ሌላዋ ያለ ምንም ክርክር ቅጹን ሰጠችን። ሲዲኤላችሁን ልትመልሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ክላስ ሲ ከመውሰዳችሁ በፊት ይህኛውን በስሙ ጠይቁ። ጋሼ ያን ሁሉ ዓመት ነድተው እንደገና ለፈተና ተቀመጡ። የመንገዱን ፈተና የሚፈተኑት በራስ መኪና ስለሆነ ትራኩን እስከ ፈተናው ቦታ ድረስ የነዳሁላቸው እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ታርጋ። ትራኩ ካምፓኒ ሥር ሊዝ ላይ (በኪራይ ውል) ሳለ ታርጋው የካምፓኒው ነበር፣ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው የካምፓኒው ስምና የዲኦቲ ቁጥር መነሳት ነበረበት፤ በእትዬ የፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን በጥፍር ላጥነው። አዲስ ሲያስመዘግቡ ጋሼ ክብደቱን በልማድ 80,000 ፓውንድ ብለው ሊጽፉ ነበር። ለምን? ትራኩና ካምፐሩ ተደምረው 35,000 እንኳን አይሞሉም። ከ55,000 ፓውንድ ጀምሮ በየዓመቱ የፌዴራል የከባድ መኪና ታክስ አለ፣ 80,000 ብለው ቢያስመዘግቡ 550 ዶላር ነው። በታክሱ ዓመት፣ ማለትም ከጁላይ እስከ ጁን፣ ከ5,000 ማይል በላይ የማይነዳ ከክፍያው ይታለፋል። የዚህን ታክስ ቅጽ፣ ፎርም 2290ን፣ መሙላቱ ግን አይቀርለትም።

ኢንሹራንሱ ከሁሉም በላይ አስጨንቆኛል። "ቦብቴይል ኢንሹራንስ አለኝ" ይላሉ ጋሼ። እሱ እኮ ሊዝ ላይ ላለ ትራክ ከጭነት ሥራ ውጭ ሲነዳ የሚሸፍን ነው። ሊዙ ከቀረ ምኑን ይሸፍናል? ለግል አገልግሎት ብላችሁ፣ ካምፐሩንም ጠቅሳችሁ፣ በጽሑፍ አስገቡ። ይህን ሳያደርጉ አንድም ማይል እንዳይነዱ ለምኛቸዋለሁ።

ብዙ ሰው በር ላይ "ለኪራይ አይደለም" የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ጽሑፉ ምንም አይለውጥም፣ የሚታየው ጉዞው ለምን እንደሆነ ነው። ፈረስ ጭኖ ውድድር የሚሄድ ሰው እንኳን ሽልማቱን እንደ ገቢ፣ ወጪውን ደግሞ እንደ ቢዝነስ ወጪ ታክስ ላይ ካስገባ ጉዞው ንግድ ነው። እናንተም ትራኩን ታክስ ላይ የቢዝነስ እያላችሁ መንገድ ላይ የግል ነው ልትሉ አትችሉም።

ጋሼ ፈተናውን አለፉ። በሳምንቱ አንድ ወዳጃቸው ደወለ። ዴንቨር ሊዛወር ነው፣ "ዕቃዬን ተሳቢ ተከራይተን ይጫኑልኝ፣ 400 ዶላር እሰጥዎታለሁ" ይላል። ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው አዩኝ። ያቺን 400 ዶላር የተቀበሉ ዕለት ሲዲኤሉ፣ የዲኦቲ ቁጥሩ፣ ሎጉና የ750,000 ዶላሩ ኢንሹራንስ ሁሉ ተመልሰው ይመጣሉ አልኳቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ መለሱና "ልጄ፣ ዕቃ ለማሸግ እመጣልሃለሁ፣ መጫኑን ግን ለሌላ ስጥ" አሉት።