የፑሪው ጃጋናት፦ አፈ ታሪክ ሥራ የሚያከፋፍልበት ቤተ መቅደስ

እዚህ ጅማ ውስጥ ከህንድ በመጡ መምህራን እጅ የተማርን ሰዎች እንኳ ስለ ሂንዱ እምነት የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከፊልም የለቀምነውን ነው። ኦዲሻ በተባለው የምሥራቅ ህንድ ክፍለ ግዛት ለትምህርት ቆይቼ ከተመለስኩ በኋላ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «እውነት ለእንጨት ይሰግዳሉ?» ይሉኛል። በፑሪ ከተማ የሚመለከው ጃጋናት በእርግጥም ከእንጨት የተቀረጸ ነው። እኔን የገረመኝ ግን እንጨቱ ሳይሆን፣ ሌላው ሕዝብ ለልጆቹ የሚተርከውን አፈ ታሪክ የፑሪ ሰዎች ሥራቸው ማድረጋቸው ነው። በተረቱ ውስጥ ስሙ የተነሣ ሰው ዛሬም ተተኪ አለው፤ ተተኪውም ማንም የማይነካበት የሥራ ድርሻ አለው።

ቤተ መቅደሱን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያስጀመረው የምሥራቅ ጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ ነው። ዋናው ማማ 65 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በጫፉ ላይ ከስምንት ዓይነት ማዕድን ቅልቅል የተሠራ መንኮራኩር ተተክሏል። በዚያ ላይ የሚውለበለበውን ሰንደቅ ለመቀየር በየቀኑ አንድ አገልጋይ ግንቡን እየቧጠጠ ይወጣል። በሰሜን ከባድሪናት፣ በምዕራብ ከድዋርካ፣ በደቡብ ከራሜሽዋራም ጋር ፑሪ ከአራቱ ታላላቅ የሂንዱ መሳለሚያ ስፍራዎች አንዷ ናት። ስለ ግንባታው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ወደ ተረቱ እቸኩላለሁ።

ኢንድራዲዩምና የተባለ ንጉሥ፣ ኒላማዳቫ የሚባል አምላክ በጫካ ውስጥ በስውር እንደሚመለክ ሰምቶ ቪድያፓቲ የተባለውን ብራህሚን (ከካህናት ወገን የሆነ ሰው) ፈልጎ እንዲያገኘው ላከው። አምላኩን በዋሻ ደብቆ የሚያመልከው የሳባራ ጎሣ አለቃ ቪሽቫቫሱ ነበር። ቪድያፓቲ የአለቃውን ልጅ ላሊታን አገባ፤ ላሊታም አባቷን ደጋግማ ስለለመነችው፣ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ወደ ዋሻው ሊወስደው ፈቀደ። አማችየው ግን የዋዛ አልነበረም፤ በመንገዱ ሁሉ የሰናፍጭ ዘር እያንጠባጠበ ሄደ፣ ዝናብ ሲጥልም ዘሩ በቀለና ዱካው ታወቀ። ንጉሡ ሠራዊቱን አስከትሎ ሲደርስ አምላኩ ተሰውሮ ቆየው፤ በኋላ ግን በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ ከሚመጣ ግንድ ምስል እንዲያስቀርጽ በሕልሙ ተነገረው።

ግንዱን ሊቀርጽ የመጣው አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው፤ የአማልክት ጠራቢ ቪሽቫካርማ ራሱ እንደ ነበር ይታመናል። ለ21 ቀን ማንም በሩን እንዳይከፍት አስጠንቅቆ ገባ። ንግሥት ጉንዲቻ የመሣሪያው ድምፅ ሲጠፋባት፣ ሽማግሌው ሞቶ ይሆናል ብላ ሰግታ ቀኑ ሳይሞላ አስከፈተች። አናጢው የለም፤ ምስሎቹ እጅና እግራቸው ሳያልቅ ቆመዋል። ጥቁሩ ጃጋናት፣ ነጩ ወንድሙ ባላባድራና ቢጫዋ እኅታቸው ሱባድራ እስከ ዛሬ በዚያው ጅምር መልካቸው፣ በትልልቅ ዓይኖቻቸው ይመለካሉ። ይህ የጥበብ እጦት ሊሆን አይችልም። ከፑሪ ብዙም በማይርቀው ኮናርክ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸውን የፀሐይ ቤተ መቅደስ ያየ ሰው፣ የአገሩ ጠራቢዎች ድንጋይን ምን ያህል ሊያራቅቁት ይችሉ እንደ ነበር ያውቃል። ብዙ ተመራማሪዎች የጃጋናትን አምልኮ ሥር በጫካው ሕዝብ የእንጨት አምልኮ ውስጥ ይፈልጉታል፤ ተረቱም ቢሆን አምላኩ በተንኮል እንደ ተገኘ አልሸሸገም።

ካሳው የተከፈለው በሥራ ድርሻ ይመስለኛል። የቪሽቫቫሱ ዘሮች ነን የሚሉት ዳይታዎች ዛሬም የአምላኩ ቤተ ዘመድ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ምስሎቹ በ108 እንስራ ውኃ በአደባባይ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ብርድ እንደ መታቸው ተቆጥሮ ለ15 ቀን ያህል ከሕዝብ ዓይን ይከለላሉ። በነዚያ ቀናት መድኃኒት እያቀረቡ የሚያስታምሟቸው ዳይታዎች ናቸው። እንጨት ይበሰብሳልና፣ ከ8 እስከ 19 ዓመት በሚደርስ ልዩነት አዲስ የኒም ዛፍ ተፈልጎ ምስሎቹ እንደገና ይቀረጻሉ፤ የቅርብ ጊዜዎቹ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2015 ተፈጽመዋል። አዲሶቹ አሮጌዎቹን በሚተኩበት ሌሊት አረጋውያን ዳይታዎች ዓይናቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በአሮጌው ምስል ውስጥ ያለውን ምሥጢራዊ ነገር ወደ አዲሱ ያሸጋግራሉ። አሮጌዎቹ ይቀበራሉ፤ ዳይታዎቹም እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ቤተሰብ ሐዘን ይቀመጣሉ።

ወጥ ቤቱ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ምግቡ በእንጨት እሳት ላይ በሚደራረቡ የሸክላ ድስቶች ይበስላል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም። መጀመሪያ ለጃጋናት፣ ቀጥሎ ቢማላ ለምትባለው ሴት አምላክ ከቀረበ በኋላ ማሃፕራሳድ ይባላል። በዚያ ማዕድ ብራህሚኑና ከሁሉ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ሰው አብረው መብላታቸው፣ በዘር ልዩነት ለታጠረው ኅብረተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

በሩ ግን ሂንዱ ላልሆነ ሰው ዝግ ነው። የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረችው ኢንዲራ ጋንዲ እንኳ ፓርሲ (የዞሮአስተር እምነት ወገን የሆነ ሰው) በማግባቷ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳትገባ ተከልክላለች። እኔም ማማውን የተመለከትኩት ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ሰገነት ላይ ሆኜ ነው። በአንድ ማዕድ የሚያበላ ቤት በደጁ ላይ እንዲህ መጥበቁን አሁንም ልቀበለው አልቻልኩም።

ለዚህም መልስ የሚመስለው የሠረገላው በዓል ነው። ጅማ ክረምት በገባበት በሰኔና በሐምሌ መካከል፣ ሦስቱም በየዓመቱ እንደ አዲስ በሚሠሩ የእንጨት ሠረገላዎች ተጭነው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። ጥምቀትን የሚያውቅ አንባቢ የሕዝቡን ብዛት ይገምተዋል፤ ልዩነቱ ታቦት ተሸፍኖ ሲወጣ ጃጋናት የሚወጣው ሁሉም እንዲያየው መሆኑ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የፑሪ ንጉሥ (ዛሬ የቀረለት ማዕረጉ ብቻ ነው) በወርቅ እጀታ መጥረጊያ የሠረገላዎቹን ወለል ይጠርጋል። ጅማ ያሉ ሙስሊም ጓደኞቼን የሚይዛቸው ደግሞ የ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ገጣሚ የሳላቤጋ ነገር ነው። አባቱ ሙስሊም ስለ ነበር ወደ ቤተ መቅደሱ መግባት አይችልም፤ በዓሉ እንዳያመልጠው ከሩቅ አገር ሲገሰግስ የጃጋናት ሠረገላ እርሱ እስኪደርስ አልነቃነቅ አለ ይባላል። ዛሬም ሠረገላው በመቃብሩ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል።

የጃጋናት ሚስት ላክሽሚ በዚህ ጉዞ ላይ የለችም። በአምስተኛው ቀን ተቆጥታ ትመጣና ከሠረገላው ላይ ቁራጭ ሰብራ ትመለሳለች። እርሱ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩን ትዘጋበታለች፤ የእርሷ ወገን የሆኑ አገልጋዮች ከውስጥ፣ ዳይታዎቹ ከውጭ ሆነው በግጥም ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ራሳጎላ የተባለ ጣፋጭ ሲቀርብላት ትከፍታለች። ለባልና ሚስቱ ጠብ ሳይቀር በሁለቱም ወገን ተከራካሪ የመደበ ሌላ ቤተ መቅደስ አላጋጠመኝም።